ያልቆመው ዳይስ

አቶ ቢያድግልኝ በትንሽ ሳህን ላይ አንድ ነጭ ነገር አድርገው ወደ እኔ ሲያስጠጉት ከረሜላ መሰለኝ። በየጎኑ ጥቁር ነጥቦች ነበሩበት፤ እነሱንም ጥቁር አዝሙድ ናቸው ብዬ ገመትኩ። በእኛ ከተማ የቀረበን ነገር አልፈልግም ማለት አቅራቢውን ማዋረድ ነው፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው ፊት "አልፈልግም" የሚለው ቃል አይወጣልኝም። አንስቼ ጎረስኩት።

አልሟሟም። በጥርሴ ብሞክረውም አልተሰበረም። አቶ ቢያድግልኝ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው በትኩረት ያዩኛል። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው ፊት ከአፍ አውጥቶ ሳህን ላይ መመለስ የማይታሰብ ነውና ዋጥኩት።

"ውሃ ላስመጣልሽ?" አሉኝ።

"አይ፣ ደህና ነኝ። እግዜር ይስጥልኝ።"

"ውሃም አልፈለገችም" አሉ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ያለ ይመስል። ከዚያ እጄን ጨበጡኝና "ነገ ጠዋት ሥራ ግቢ" አሉኝ።

እኔ የሄድኩት ለሒሳብ ክፍል ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት ስታቲስቲክስ ነው፤ የምስክር ወረቀቴም በክላሴር ሆኖ ጉልበቴ ላይ ተቀምጧል። እሳቸው የመጣሁት ለመዋጥ ክፍል መስሏቸዋል፤ እኔ የጋበዙኝ መስሎኛል። ነገሩ ሲገባኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ "ይቅርታ፣ እኔ እኮ የመጣሁት ለሒሳብ ክፍል ነው" አልኳቸው።

"ለሒሳብማ ማንም ይገኛል" አሉኝ፣ ሳህኑን በመሀረብ እየጠረጉ። "በይ ዳይሱን ስታገኚው ይዘሽው ነይ። የቤቱ ንብረት ነው።"

ከተማችንን ለማያውቅ ሰው ይህ ግራ ሊያጋባው ስለሚችል ትንሽ ላስረዳ። ከተማችን የምትተዳደረው በአንድ ቤት ገቢ ነው። ቤቱ የእንግዶች ማረፊያ ይባላል። ከሩቅ አገር የመጡ እንግዶች ገብተው ዳይስ፣ ማለትም በየፊቱ ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለበትን የቁማር ጠጠር፣ ይወረውራሉ፣ ይበላሉ፣ ያዛጋሉ፣ እንደገና ይወረውራሉ። የአገሩ ሕግ ቁማርን አጥብቆ ይከለክላል። ያው ሕግ ግን ዝቅ ብሎ "ዳይስ ያልተገኘበት ቤት የቁማር ቤት አይባልም" ይላል። ስለዚህ መርማሪ ሲመጣ ዳይሶቹን የሚውጥ ሰው በየጠረጴዛው ተቀምጧል። ካርታም ይጫወታሉ፤ ካርታ ግን ሕጉ ውስጥ ስላልተጠቀሰ ማንም እንዲውጠው አይገደድም።

የከተማው ተወላጅ መጫወት አይፈቀድለትም። መጥረግ ይችላል፣ ማብሰል ይችላል፣ መዋጥ ይችላል፤ መወርወር ግን አይችልም። የቀድሞ ሰዎች ይህን የደነገጉት እርስ በርሱ የሚጫወት ከተማ አንዱን ሸሚዝ ከትከሻ ወደ ትከሻ ከማዞር ሌላ ትርፍ የለውም ብለው ነው ይባላል። አጎቴ በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜ በጣም አማረውና አልጋውን ተሸክሞ ከወንዙ ማዶ ሄዶ ከረመ። እዚያ ከከረመ በኋላ በደንቡ መሠረት እንግዳ ሆነና ተመለሰ፤ በሩ ላይ "እንኳን ደህና መጡ" ተብሎ ገብቶ ሲጫወት ዋለ። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ በለጥሻቸው፣ የእንግዳ አልጋ አንጥፋ ጠበቀችው። "ብዙ ይቆያሉ?" ብላም ጠየቀችው። እስኪሞት ድረስ አንቱ ትለው ነበር።

የእንግዶች ማረፊያ መስኮት የለውም። ድሮ ነበረው ይላሉ። ክረምት ሲገባ ግን እንግዶቹ ዳይሱን እየተዉ በመስታወቱ ላይ በሚወርዱት የዝናብ ጠብታዎች መወራረድ ጀመሩ፤ የትኛዋ ጠብታ ቀድማ ታች ትደርሳለች እያሉ። ቤቱ ከዝናብ ድርሻውን የሚያገኝበት መንገድ ስላልነበረ መስኮቶቹ በጡብ ተደፈኑ። ሰዓትም የለውም። እንግዳ ሲገባ ሰዓቱን በር ላይ ያስረክባል፤ ሰዓት ተቀባዩም እንዳይጠፉበት ሁሉንም ከእጅ አንጓው እስከ ብብቱ ድረስ ያስራቸዋል። ስንት ሰዓት ነው ብለን ስንጠይቀው "የየትኛው እንግዳ?" ይለናል።

እንግዶቹ ለምሳ ብለው እንዳይነሱ ወጥ ቤቱ ጥብሱን በሁለት ቁራጭ ዳቦ መሃል እያደረገ እዚያው ያቀርብላቸዋል። በአንድ እጃቸው እየበሉ በሌላው ይወረውራሉ፤ ግን እጆቹን ያቀያይሯቸዋል። ስለዚህ ዳይሶቹ ጥብስ ጥብስ ይላሉ። ይህን የማውቀው በሥራዬ ምክንያት ነው። ቅባቱ ዳይሱን እያንሸራተተ ስላስቸገረ "ጠረጴዛ ላይ ዘይት ማፍሰስ ክልክል ነው" የሚል ደንብ ወጥቶ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ።

በመሃለኛው አዳራሽ ቁጥር የተጻፈበት የሚሽከረከር ጎማ አለ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን የምሠራው ስላልነበረኝ ቁጥሮቹን ደመርኳቸውና ስድስት መቶ ስልሳ ስድስት መጡ። ይህ ቁጥር ሰው እንደሚያስደነግጥ ስለማውቅ ለአቶ ቢያድግልኝ በጆሯቸው ነገርኳቸው።

ብዙ አሰቡ። "ዜሮዋን ጨምረሽ ነው?" አሉኝ።

"አዎ።"

"ዜሮዋን ተያት።"

በማግስቱ ዜሮዋ ላይ ጥቁር ጨርቅ ተለጠፈባት፤ ሁሉም ተረጋጋ።

መርማሪው አቶ ሲራክ የተከበሩ፣ ዝግ ያሉ ሰው ናቸው። ለፍተሻ ሲመጡ መጀመሪያ ከድልድዩ ላይ ጡሩንባ ያስነፋሉ፤ ቀጥሎ ከግቢው በር ያስነፋሉ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆመው "ጨረሳችሁ?" ይላሉ። "ትንሽ ይቀረናል" ካልናቸው ዞር ብለው አበባዎቹን ያያሉ። ሲገቡ ጠረጴዛ ላይ ያያሉ፣ ጠረጴዛ ሥር ያያሉ፣ "ንጹሕ ነው" ይሉና ይሄዳሉ። በአገልግሎት ዘመናቸው ሁሉ አንድም ዳይስ ባለማግኘታቸው ሜዳሊያ ተሸልመዋል።

የተዋጡት ዳይሶች በየጊዜያቸው ይመለሳሉ። ይህን የሚከታተል ክፍል አለ፤ ስለ እሱ ክፍል ባልጽፍ እመርጣለሁ።

አክስቴ ስለ ሥራዬ የሰማች ቀን እራት ላይ "ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ ለዚህ ነው?" አለችኝ።

"ጊዜያዊ ነው እትዬ።"

"ከምን ነው የሚሠሩት? ፕላስቲክ ነው?"

"አጥንት ነው።"

"እሱስ ይሻላል" አለች፤ ወጥ ጨመረችልኝ።

ሥራዬን ለመድኩት። ጡሩንባው ሲነፋ እጄ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል፤ ምን እንደዋጥኩ የማውቀው ከዋጥኩ በኋላ ነው። አቶ ቢያድግልኝ ለአዲስ ተቀጣሪዎች "እሷን እዩ" ይሉ ነበር። እንዲህ ሲሉ ፊቴን የምደብቅበት ይጠፋኛል።

የሹም ምርጫ የደረሰው ያኔ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ። አቶ ጓንጉል ሰዓት የሌለው የሰዓት ማማ እሠራለሁ ይላሉ። ወይዘሮ ተዋበች ደግሞ ሰዓቱን አመጣለሁ፣ ማማ ግን አልሠራም ይላሉ። በእኛ ከተማ የምርጫ ድምፅ ምንጊዜም እኩል ነው የሚወጣው። ማንም እንዳይቀየም ባል ለአንዱ ከሰጠ ሚስት ለሌላው ትሰጣለች፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ደግሞ ከጎረቤቱ ጋር ይነጋገራል። ድምፅ እኩል ሲወጣ በዳይስ ይለያል። ጎደሎ ቁጥር ከመጣ አቶ ጓንጉል፣ ሙሉ ቁጥር ከመጣ ወይዘሮ ተዋበች ሊሾሙ ተስማሙ። የዳይሱ ቦታ የእኔ ጠረጴዛ ሆነ።

ቤት ከቀረችው ከአክስቴ በቀር ከተማው በሙሉ በጠረጴዛው ዙሪያ ከተወጠረው ገመድ ወዲያ ቆሟል። ተወላጅ መወርወር ስለማይፈቀድለት ከእንግዶቹ ሁሉ በዕድሜ የገፋው ዳይሱን በመዳፉ አሽቶ ወረወረው። ዳይሱ ነጠረ፣ ተንከባለለ፣ መጨረሻ በአንድ ጥጉ ላይ እንደ እንዝርት መሽከርከር ጀመረ። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። የድልድዩን ጡሩንባ ንፋስ ወስዶት ኖሮ ማንም አልሰማውም፤ ሁለተኛው ጡሩንባ ድንገት ከግቢው በር ጮኸ።

እጄ ሄደ። ምን እንዳደረግኩ ያወቅሁት ጥብስ ጥብስ ሲለኝ ነው።

አቶ ሲራክ ገቡ፤ ላይ አዩ፣ ሥር አዩ፣ "ንጹሕ ነው" አሉ። ምርጫ መሆኑን ሰምተው ለሁለቱም ተወዳዳሪዎች መልካም ዕድል ተመኙና ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

ክርክር ሲነሳ የሚፈርዱት የጠረጴዛ ዳኛው አቶ ዘገየ ናቸው። ወደ ፊት መጡ። "ስትውጠው ቆሞ ነበር?"

"አልቆመም ነበር" አለ ሕዝቡ።

"ካልቆመ እየተንከባለለ ነው። ጨዋታው አላለቀም።"

"ሌላ ዳይስ ለምን አንወረውርም?" አሉ አቶ ጓንጉል።

"አንዱ ሳይቆም ሌላ መወርወር ማጭበርበር ነው።"

"ታዲያ አሁን ምን ላይ ነው የሚንከባለለው?" አሉ ወይዘሮ ተዋበች።

"ዳይስ የሚንከባለለው ጠረጴዛ ላይ ነው" አሉ አቶ ዘገየ። ከዚያ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ። "ስለዚህ ይህቺ ልጅ ጠረጴዛ ናት።"

መቃወም ነበረብኝ። አፌንም ከፍቼ ነበር፤ ያ ሁሉ ሰው ሲያየኝ መልሼ ዘጋሁት። አቶ ዘገየ ይህንን እንደ ስምምነት ወሰዱት።

ጠረጴዛ ወደ ቤቱ አይሄድም። ከአዳራሹ ጎን ባለ ክፍል አልጋ ተዘጋጅቶልኝ ተኛሁ፤ ዙሪያዬን ገመድ ተወጠረ። የአቶ ጓንጉል ሰው በቀኜ፣ የወይዘሮ ተዋበች ሰው በግራዬ ተቀመጠ። በቀኝ ጎኔ ስገላበጥ የግራው "ነካካሃት" ይላል፤ ሳስነጥስ ሁለቱም ይነሳሉ። ዳይሱ ሲወጣ ወደ ላይ የሆነው ፊት እንዲቆጠር ተወሰነ። ይህን በዓይናቸው የሚያረጋግጡ ሁለት ታዛቢዎችም ተመደቡ፤ ወደምሄድበት ሁሉ ተከትለውኝ ይሄዳሉ፣ ተከትለውኝ ይቆማሉ። ስለ ታዛቢዎቹ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ዳይሱ አልወጣም። ሆዴ በፊት በፊት እንደ ታማኝ ሠራተኛ ነበር፤ አሁን ግን ጭራሽ ሥራ አቆመ። ቀናት አለፉ። መጀመሪያ ከበደኝ፣ ቀጥሎ ቁርጠት ጀመረኝ፣ ቀጥሎ ትኩሳት መጣ።

እንግዶቹ ግን በጣም ተደስተው ነበር። አንድ ውርወራ ይህን ያህል ሲረዝም አይተው አያውቁም። ጎደሎ ነው፣ ሙሉ ነው እያሉ ተወራረዱ። ትኩሳቱ ሲጀምረኝ ደግሞ ሌላ ውርርድ ተከፈተ፤ ትድናለች፣ አትድንም የሚል። ቀይ ከረባት ያሰረ ወጣት እንግዳ ገመዱ ጋ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ሰላም አለኝ። "እኔ አትድንም ላይ ነኝ፤ በግል እንዳትቀየሚኝ" አለኝ።

"ምንም አይደለም" አልኩት።

የቤቱ ሐኪም ዶክተር ርግበ መጥተው ሆዴን ጫን ጫን አደረጉ። አጭር፣ ፈጣን ሴት ናቸው፤ ሲናገሩ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነው። "ሰው ቆሞ እያየው የሚሠራ ሆድ የለም" አሉ። "ዳይሱ ተቀርቅሯል። የጉሎ ዘይት ትጠጣ፤ እነዚህ ታዛቢ የተባሉትም ይውጡላት። እስከ ነገ ከቆየች አንጀቷ ይበሳል፤ ያኔ እኔም የምረዳት ነገር የለም።"

አቶ ዘገየ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጠረጴዛ ላይ ዘይት ማፍሰስ ክልክል ነው።"

"ሰው ናት እኮ።"

"ጨዋታው ሲያልቅ ሰው ትሆናለች።"

"ዘይቱ ዳይሱን ሊገለብጠው ይችላል" አሉ አቶ ጓንጉል።

"ሊገለብጠው ይችላል" አሉ ወይዘሮ ተዋበችም። ሁለቱ ሰዎች ከምርጫው ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ታዳሚውም አጨበጨበላቸው።

ቀይ ከረባቱ እጁን አወጣ። "ይቅርታ፣ መድኃኒት ከተሰጣትማ አትድንም ያልነው ሰዎች እንበደላለን። ውርርዱን ስንይዝ መድኃኒት አለ አልተባልንም።"

"ትክክል ነው" አሉ አቶ ዘገየ።

አክስቴ በለጥሻቸው የገባችው በዚህ መሃል ነው። ተወላጅ ወደ ጠረጴዛ አይቀርብም ሲሏት ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጥላ ዘበኞቹን አልፋ መጣች። ግንባሬን ዳሰሰች። እጇ ቀዝቃዛ ነበር፤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ማነው ልጄ አትድንም ብሎ የተቀመጠው?" አለች።

ቀይ ከረባቱ ብድግ አለ። "እኔ ነኝ እማማ። ግን ምኞት አይደለም፣ ግምት ነው።"

"እናት አለህ?"

"አለችኝ።"

"እሷም እንዲህ ትጫወታለች?"

"አይ፣ እሷ ፈረስ ነው የምትወደው።"

"እኔ ደግሞ አንተ ከዚህ ቤት በእግርህ አትወጣም ብዬ ብይዝስ?"

እንግዳው ከልቡ አሰበበት። "ማን ይገጥምዎታል?" አላት።

አክስቴ ወደ አቶ ቢያድግልኝ ዞረች። "እርስዎ ነዎት የቀጠሯት። የሰው ልጅ አደራ አይደለም ወይ?"

አቶ ቢያድግልኝ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። "ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ እንደ እሷ ያለች ዋጭ አይቼ አላውቅም። ውሃ እንኳ አትፈልግም።"

"እኔ የጠየቅሁዎት ስለ ውሃ አይደለም።"

"አውቃለሁ" አሉ፤ መሬት መሬቱን አዩ።

ዶክተር ርግበ የዘይቱን ጠርሙስ ከቦርሳቸው አውጥተው አልጋዬ ሥር አስቀምጠውት ነበር። አቶ ዘገየ በእግራቸው ገፋ አድርገው ከገመዱ ውጭ አደረጉት። ጠርሙሱ እጄ ቢዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ነበር፤ ግን ከሁለቱም ጎኔ እጄን የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

ቁርጠቱ ሲለቀኝ ሲለቀኝ ነገሩን በተማርኩት ትምህርት ለማስላት ሞከርኩ። የሚከለክሉኝ ሰዎች የተለያዩ ናቸው፤ ምክንያታቸውም የተለያየ ነው። አንዱ ሹመት ይፈልጋል፣ አንዱ ደንብ ይጠብቃል፣ አንዱ ውርርድ አለበት። ሁሉም ጋ ያለው አንድ ነገር ግን ዳይስ የሚለው ቃል ነው። ያንን ቃል ከአፋቸው ማውጣት የማይችሉት በአንድ ሰው ፊት ብቻ ነው። ያ ሰው የሚመጣው በየሳምንቱ ነው፤ የሳምንቱ ፍተሻ ደግሞ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ነበር።

ችግሩ ያንን ሰው አነጋግሬ አለማወቄ ነው። ዋጮች መርማሪን አናነጋግርም። ሲገባ አንገታችንን ደፍተን ጠረጴዛውን ነው የምናየው። ከትኩሳቱ ይልቅ ይህ አስፈራኝ።

ጡሩንባው ከድልድዩ ተነፋ። ቤቱ ተሯሯጠ። በየጠረጴዛው ያሉት ጓደኞቼ ሲውጡ ይሰማኛል። ገመዱን ፈቱት፣ ታዛቢዎቹን ከመጋረጃ ጀርባ አቆሟቸው። እኔ ጠረጴዛ ስለሆንኩ የጠረጴዛ ልብስ አለበሱኝ፤ የአበባ ማስቀመጫ ሆዴ ላይ ሊያኖሩ ሲሉ ዶክተር ርግበ እጃቸውን ይዘው መለሷቸው።

"ጨረሳችሁ?" የሚል ድምፅ ከደጃፉ መጣ።

"ጨርሰናል" አሉ አቶ ቢያድግልኝ።

አቶ ሲራክ አዳራሹን አይተው ወደ እኛ ክፍል መጡ። አልጋዬን ላይ አዩ፣ ሥሩንም አጎንብሰው አዩ። "ንጹሕ..." ብለው ሲጀምሩ፣ "ጌታዬ" አልኩ።

ዞር አላሉም። ድምፄ ትንሽ ስለነበረ ያልሰሙኝ መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ግን ሰምተውኛል። የጠረጴዛውን ልብስ ከፊቴ ላይ ገለጥ አድርጌ ደገምኩት። "ጌታዬ፣ ዳይስ አለ። እዚህ ነው ያለው።" እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ።

አቶ ሲራክ ቀስ ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እንዲህ ያለ ነገር ለመርማሪ አይነገርም።"

"አውቃለሁ ጌታዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

"ዳይስ ከተገኘ ቤቱ ዛሬውኑ ይዘጋል። እኔም ዛሬ ካገኘሁ እስከ ዛሬ ለምን አላገኘህም እባላለሁ። አየሽ የምትናገሪውን?"

"አያለሁ ጌታዬ። ግን አለ።"

ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው አንድ በአንድ ተመለከቱ። እንዲህ ዓይነት ፍተሻ አድርገው ስለማያውቁ ከየት እንደሚጀምሩ የጠፋቸው መሰለኝ።

"አቶ ጓንጉል፣ በዚህች ልጅ ሆድ ውስጥ ዳይስ አለ?"

አቶ ጓንጉል ወደ ወይዘሮ ተዋበች አዩ፤ ወይዘሮ ተዋበች ወደ ጣሪያው አዩ። "የለም" አሉ አቶ ጓንጉል።

"ወይዘሮ ተዋበች?"

"እኔ ዳይስ ምን እንደሚመስልም አላውቅ።"

"አቶ ዘገየ፣ እዚህ ቤት እየተካሄደ ያለ ጨዋታ አለ?"

አቶ ዘገየ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ደንብ ሲያዩ ቆዩ። "ጨዋታ የለም" አሉ። ቃሉ ከጉሮሯቸው ሲወጣ እንደ እኛ ሥራ ዓይነት ሆኖ ታየኝ፤ አቅጣጫው ብቻ ነው የተገለበጠው።

"አንተስ፣ ባለ ከረባቱ? በዚህች ልጅ ተወራርደሃል?"

"እኔ የመጣሁት አየር ልለውጥ ነው ጌታዬ።"

"መስኮት በሌለበት?"

"ሐኪም ነው ያዘዘልኝ።"

"አቶ ቢያድግልኝ፣ ይህቺ ልጅ ሥራዋ ምንድን ነው?"

አቶ ቢያድግልኝ "አላውቃትም" አሉ። ዓይናቸውን ግን ከእኔ ላይ አላነሱም።

የቀረችው አክስቴ ነበረች። አክስቴ አትዋሽም፤ አጎቴን እንኳ እስኪሞት አንቱ ያለችው እንግዳ ነው ስለተባለ ነው። አቶ ሲራክ "እርስዎስ?" ሲሏት አፏን ከፈተች። አየኋት። እሷም አየችኝ። ሁላችንም እሷ የምትለውን ጠበቅን።

"እኔ ተወላጅ ነኝ" አለች አክስቴ። "ዳይስ ሲወረወር አይቼ አላውቅም፤ ሲዋጥም አላየሁም። እዚህ ስገባ ያየሁት ልጄ ታማ ነው። ሌላ ያየሁት የለም።"

ይህ በሙሉ እውነት ነበር።

አቶ ሲራክ ኮፍያቸውን አደረጉ። ፊታቸው ላይ ደም ተመለሰ። "ልጅቷ ትኩሳት አለባት፤ ያቃዣታል" አሉ። ወደ ዶክተር ርግበ ዞረው፣ "ይሄ ነገር ምን ይባላል?" አሏቸው።

"የሆድ ድርቀት ይባላል።"

"መድኃኒት የለውም?"

"አለው። የጉሎ ዘይት።"

"ታዲያ ምን ይጠበቃል?"

ዶክተር ርግበ ጠርሙሱን ከወለሉ አንስተው ከፈቱት። "የሚቃወም ሰው አለ?" አሉ፣ ጮክ ብለው። ለመቃወም ምክንያት መናገር ያስፈልጋል። ቀይ ከረባቱ እጁን እስከ ደረቱ ድረስ አነሳ፤ አቶ ሲራክ ሲያዩት ከረባቱን አስተካክሎበት መልሶ አወረደው። አቶ ሲራክ ሳይወጡ አክስቴ ራሴን ቀና አደረገችልኝና ዘይቱን ጠጣሁ፤ ከዚያ እሳቸው "ንጹሕ ነው" ብለው ወጡ። ጨዋታ የለም ስለተባለ ታዛቢም አልነበረም፤ ሁለቱ ሰዎች ከመጋረጃው ጀርባ ወጥተው አፍረው ሄዱ።

ዳይሱ በማግስቱ ጠዋት ወጣ። በየትኛው ፊቱ እንደወጣ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ልብ አላልኩም። አቶ ቢያድግልኝ በመሀረብ ተቀብለውኝ ሄዱ። ከምሳ በፊት ከሥራ መሰናበቴ ተነገረኝ። ምክንያቱ በሥራ ሰዓት መናገር ነው።

ትኩሳቱ ለቆኝ መራመድ ስችል አክስቴ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው እህቷ ቤት እንሂድ አለችኝ፤ እዚያ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር እየፈለጉ ነው መባሉን ሰምታለች። ልብሳችንን በሻንጣ አድርገን በእንግዶች ማረፊያ በኩል ስናልፍ በሩ ክፍት ነበር። የምርጫው ድምፅ እንደገና ተቆጥሮ እኩል ወጥቷል። አቶ ጓንጉልና ወይዘሮ ተዋበች በጠረጴዛው ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ሽማግሌው እንግዳ ዳይሱን በመዳፉ ያሻል። በእኔ ወንበር ላይ ከእኔ የምታንስ ልጅ ተቀምጣለች።

አክስቴ እጄን ሳብ አደረገችኝ። አውቶቡሱ ሊሞላ ጥቂት ሰው ቀርቶት ስለነበር ሮጠን ተሳፈርን።